የኸይራ ሦስተኛ ፍች

ፀሐይ ብቅ ስትል ዘካሪያ ሚስቱን «ራስሽን ተሸፈኚ» አላት።

ኸይራ እንግዳ የመጣ መሰላት። ሐምሌ ነው። በሐምሌ አሰብ ላይ ጣራ ሥር የሚያድር ሰው ወይ የታመመ ነው፣ ወይ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት አለቃ ነው፤ እነሱም እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የገመድ አልጋቸውን ግቢ አውጥተው ነበር የሚተኙት። ቀና ብላ በሩን አየች፤ እንደተቀረቀረ ነው። ግንቡን አየች፤ የተንጠላጠለበት ሰው የለም። ባሏ ብቻ ሬዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፊቱን ወደ ዶሮዎቹ ቆጥ አዙሮ ተቀምጧል። አልጋውንም ከእሷ አልጋ አርቆ የውኃው በርሜል ሥር ወስዶታል። አግብቷት ፀጉሯን ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ሲያበጥርላት የዋለበትም ቀን አለ።

«ማን መጣ?» አለችው።

«ማንም አልመጣም። ከእኔ ነው የምትሸፈኚው።»

«ከአንተ?»

«አሜሪካኖቹ ጨረቃ ላይ ወረዱ» አለ ዘካሪያ፣ ለዶሮዎቹ። «አንደኛው አሁን እግሩን አሳረፈ።»

«ታዲያ የእኔ ፀጉር ምን አደረጋቸው?»

ዘካሪያ መልስ አላጣም፤ መልስ አጥቶ አያውቅም። ግን የዛሬው መልስ ረዘም ያለ ነበርና ከየት እንደሚጀምረው ሲያስብ ሬዲዮኑ ውስጥ አንድ ሰው በማታውቀው ቋንቋ እያንቋረረ ተናገረ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ኸይራ ሻሿን ከትራሷ ሥር አውጥታ ጠመጠመች። ያኔ ነገራት።

ነገሩ የተጀመረው ከሳምንት በፊት ሻይ ቤት ነው። በዚያን ዘመን አሰብ ላይ አስተያየት ያለው ሰው አስተያየቱን ሩቅ ነገር ላይ ማዋል ነበረበት። ስለ ቀረጥ፣ ስለ አገረ ገዥው፣ በረሃ ገቡ ስለሚባሉት ልጆች ለማውራት አጠገብ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ቬትናም ከሆነ ድምፅን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ስለ ጨረቃ ግን ጠረጴዛ እየደበደቡ መጮህ ይቻል ነበር፤ እዚያ ገና ፖሊስ ጣቢያ አልተከፈተም። ስለዚህ ያ ክረምት ለሻይ ቤቱ የበረከት ክረምት ሆነ። የነዳጅ ማጣሪያውን የሠሩት ሩሲያውያን ስለሆኑ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራ ሁሉ የሩሲያ ደጋፊ ነው። ወደቡ ላይ የሚወርደው ስንዴ የተጨባበጡ ሁለት እጆች በተሣሉበት የአሜሪካ ጆንያ ስለሚመጣ ደግሞ ወደቡና ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ የአሜሪካ ነው። የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ መርከብ ስለቀነሰ ወዛደሩ ለክርክሩ በቂ ጊዜ ነበረው። እስከ ጨረቃ የሚወስድ መንገድ ተገኝቶ በስዊዝ የሚያሳልፍ መጥፋቱ ምን ይባላል የሚል አንድ ሰው አልጠፋም፤ ነገር ያበላሻል ተብሎ ግን ሻይ የሚጋብዘው አልነበረም።

ዘካሪያ የማጣሪያው ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ከካይሮ የሚመጣ የዐረብኛ መጽሔት ያነባል፤ የሩሲያ መሐንዲሶች ጥለውት የሚሄዱትን መጽሔት ደግሞ ሥዕሉን ያያል። ጨረቃ ላይ ነፋስ እንደሌለ፣ እዚያ አንድ ኩንታል ስንዴ ሕፃን ልጅ እንደሚሸከመው፣ ሰማዩ በቀትር ጥቁር እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል። ሩሲያ ሰው ያልተሳፈረበት መንኮራኩር ወደዚያ መላኳ የተሰማ ዕለት፣ ደስታው የሚባለው ባለ ተሳቢ ሾፌር ብርጭቆውን አስቀምጦ «ባዶ መኪና መላክ ምን ይደንቃል፤ አሜሪካ በዚህ ሳምንት ከነሰዉ ትልካለች» አለ። ዘካሪያ ተነሥቶ ቆመ። አንድ አሜሪካዊ ከሩሲያዊ ቀድሞ ጨረቃን ከረገጠ ኸይራ በሦስተኛው ፍች የተፈታች ትሁን ብሎ ማለ። ሻይ ቤቱ ጭጭ አለ። የነገሩ ክብደት ያልገባው ደስታው ብቻ ነበር።

«ኸይራ ማናት?» ብሎ ጠየቀ።

ሦስተኛ የሆነበት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ፍች የግብፅ ጦር በሳምንት ውስጥ ቴል አቪቭ ካልገባ የሚል ነበር፤ ጦርነቱ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው አለቀና ኸይራ ተፈታች። ሁለተኛው ስዊዝ እስከ ዐረፋ ካልተከፈተ የሚል ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቃዲው ዘካሪያን ገሥጸው መለሱለት። በመጀመሪያው መታረቂያ ድርያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ገዛላት፤ በሁለተኛው ቴርሞስ። በሦስተኛው ግን የሚገዛ ነገር የለም። ሦስተኛ ፍች የተፈታች ሴት ሌላ ሰው አግብታ፣ ኖራ፣ ያም ሰው በፍች ወይም በሞት ካልተለያት በቀር ለቀድሞ ባሏ አትመለስም። ይህንን አሰብ ላይ ዶሮ የምትጠብቅ ልጅ እንኳ ታውቃለች።

«ማንን ጠይቀህ ማልክ?» አለችው ኸይራ።

«ሳይንሱ የሚያሳየው እንደዚያ ነበር። እስከ ዛሬ ሁሉንም ቀድመው የላኩ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ውሻ፣ ቀጥሎ ሰው፣ ቀጥሎ ሴት...»

«ሴቲቱን ሲልኳት ባሏ ምን ብሎ ማለ?»

ዘካሪያ ስለ ሴቲቱ ባል ያነበበው አልነበረም። ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀና ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ቃዲው ቤት እንገናኝ፣ እስከዚያ በአንድ ግቢ መሆናችን ነውር ነው አለ፤ ልክ ወደብ ላይ ለማያውቀው ሰው ቀጠሮ እንደሚሰጥ። ኸይራ ፉሉን እሳት ላይ ጥዳ ነበር። ለባዕድ ወንድ ቁርስ ማቅረብ ይገባኛል ወይ ብላ ለአፍታ አሰበችና አንድ ሳህን ብቻ አወጣች። ዘካሪያ የአንዱን ሳህን ድምፅ ሰምቶ ሳይበላ ወጣ።

ጎረቤቷ ሐረገወይን፣ የጉምሩክ ጸሐፊው ሚስት፣ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ በግንቡ ላይ ብቅ አለች።

«ኸይርዬ፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ። አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

«እኔማ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ? ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ይቀራል ብዬ ነዋ» አለች ሐረገወይን። «ስጸልይ ሰንብቻለሁ እኮ። እንዲሞቱ አይደለም፣ ማርያምን። መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶባቸው በሰላም እንዲመለሱ።»

ኸይራ አመሰገነቻት። ሐረገወይን ግንቡን ተደግፋ፣ የእኔው በእጁ ነው የሚማታው፣ ያንቺ በሬዲዮ፣ የቱ እንደሚሻል እንጃ አለች። ዶሮዎቹን አበላልሻለሁ፣ ኒሟንም አጠጣልሻለሁ ብላ ጨመረች። ኒሟን ኸይራ ራሷ ከበይሉል በቆርቆሮ አምጥታ በልብስ አጠባ ውኃ ያሳደገቻት ዛፍ ናት። አሁን ጥላዋ አንድ አልጋ ያለብሳል። የአንዲት ኒም ጥላ አሰብ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታልና ስለ ዛፏ ሌላ አልተባባሉም።

የአባቷ የሐጂ ሑመድ ቤት አሰብ ሰጊር ነው፣ ባሕሩ ዳር። ኸይራ ገና ጠዋት ከሚጋረፈው ነፋስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስትሄድ ሰላምታው ሁሉ ከወትሮው ረዘመባት። አሰላሙ አለይኩም ያሉት ሁሉ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ሙቀቱን ጠይቀው ሲያበቁ ወዲያው አይሄዱም፤ ጥቂት ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ ስትደርስ ወንዶቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ስኳር አማሰሉ። ያን ጠዋት ወደ ጨረቃ የሚያንጋጥጥ አንድ ሰው አላየችም፤ የሚታየው እሷ ነበረች።

ሐጂ ሑመድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሳምቡክ ጀልባ ከየመኗ ሞካ አሰብ ሲመላለሱ ኖረው አሁን የሌላ ሰው መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ስትገባ እጃቸውን ለመሳም ሰጧትና ወደ መረባቸው ተመለሱ። ምን ሆነሽ አላሉም። የእንጀራ እናቷ ሃኒያ፣ በዕድሜ ከኸይራ ብዙም የማትርቅ፣ ዕቃ ማከማቻዋን ክፍል ከፍታ ማጽዳት ጀመረች። ክፍሏ ከሰሌንና ከእንጨት የተሠራች ናት፤ ውስጧ አሮጌ ሸራ፣ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ የደረቀ ዓሣ ጆንያና በቀትር ከፀሐይ የምትጠለል አንዲት ፍየል አሉ። ሃኒያ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ደጅ ላይ ስታስቀምጥ ድምፁ እየተደጋገመ ይመጣል። ኸይራ አልጋዋ የት ላይ እንደሚሆን ከድምፁ ገባት። ፍየሏን ግን ሃኒያ አላወጣቻትም።

ምሳ ዓሣ ነበር። ሦስቱም ከአንድ ገበታ ዝም ብለው በሉ። አሰብ ላይ በቀትር የማይነጋገር ሰው ሙቀቱ ነው ብሎ ማለፍ ይችላል፤ እነሱም ለብዙ ጊዜ በሙቀቱ አሳበቡ። በመጨረሻ ሃኒያ እጇን ታጥባ ከራሔይታ እየመጣ ፍየል የሚሸጠው ሰውዬ ሚስቱ እንደሞተችበት አነሣች።

«ደግ ሰው ነው» አለች። «ብዙም አይቆይ።»

«ይፈታኛል ማለትሽ ነው ወይስ ይሞታል?» አለች ኸይራ።

«ሁለቱም ለዘካሪያ ይመልስሻል።»

«ከፍየል በቀር ወሬ የለውም» አሉ ሐጂ ሑመድ። እንደ ሙገሳ ነው የተናገሩት።

ኸይራ ነገሩን ቀትሩን ሙሉ አሰበችበት። ከፍየል በቀር ወሬ የሌለው ሰው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ምን ይላል? ዘካሪያ ሰው መሐል ሲጮህ አትወደውም፤ ግቢ ውስጥ ጋደም ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ነው። ባሕሩ ለምን እንደሚሸሽና እንደሚመለስ፣ የዱብቢ ተራራ ለምን እንደነደደ፣ አንዳንዱ ኮከብ ለምን እንደማይርገበገብ ይነግራታል። ግማሹን ሳትሰማ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ደግሞም ያለዚያ እንቅልፍ አይወስዳትም። በሕይወቷ ይህንን ያህል ነገር ለእሷ ብሎ ያስረዳ ሌላ ሰው የለም። አባቷ ከአንድ ባሕር ወዲያ ማዶ ሲመላለሱ ኖረው ስለ ሞካ የነገሯት፣ ሙቀቱ ያው ነው የሚለውን ብቻ ነው። ኸይራ ቤቷ መመለስ ፈለገች። ዛፏንም፣ ያንን ድምፅም ፈለገች። ተናድዳ ሳለች መፈለጓ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ከዐስር በኋላ የቃዲው በረንዳ ሞልቶ ነበር። ቃዲው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው፤ የተፋቱትንም የተጋቡትንም በአንድ ዓይነት ፊት ያስተናግዳሉ። ኸይራ ከሚስታቸው ከዓሻ ጋር ከመጋረጃው በስተጀርባ ተቀመጠች። በመጋረጃው ስንጥቅ የሚታያት የዘካሪያ ጀርባ ብቻ ነው፤ ሸሚዙ ከላብ የተነሣ ገላው ላይ ተለጥፏል። ከአጠገቡ ደስታው ተቀምጧል። ያን ዕለት ቀትር ላይ ነው ከመንገድ የገባው። የነገሩ ክብደት በመጨረሻ ስለገባው ከኮምቦልቻ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ በረንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጦታል። ለማን እንደሆነ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

ቃዲው መጀመሪያ መሐላውን አስነገሩ። ዘካሪያ አልካደም፤ ቃል በቃል ደገመው። ከዚያ ወደ ደስታው ዞሩ።

«ሰውዬው ጨረቃ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ አይተሃል?»

«እንዴት አያለሁ ጌታዬ፤ ሚሌ ጎማ ስቀይር ነበር።»

«ሌላ ያየ ሰው ታውቃለህ?»

«ሬዲዮኑ ነው የተናገረው።»

«ሬዲዮኑ አየ?»

ደስታው አሰበበት። ሬዲዮኑ ከሌላ ሰው ሰምቶ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። ቃዲው ራሳቸውን ነቀነቁና በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ዞር ዞር ብለው አዩ። ያለፈው ረመዳን መጨረሻ ላይ የካይሮም የሪያድም ሬዲዮ ጨረቃ ታየች፣ ነገ ዒድ ነው ብለው ነበር፤ ታስታውሳላችሁ አሉ። ሁሉም ያስታውሳል። አሰብ ላይ ደመና ነበርና በዓይኑ ያየ ሁለት ታማኝ ሰው ስላልተገኘ ቃዲው ሬዲዮኑን አልቀበልም ብለው ከተማውን አንድ ቀን አጹመውታል። በቀጣዩ ቀን ሳምቡሳው የተበላሸባቸው ሴቶች እስካሁን አልረሱላቸውም።

«ለአንድ ቀን ጾም ያልተቀበልኩትን ምስክር» አሉ ቃዲው፣ «ለአንዲት ሴት ቤት መፍረስ አልቀበለውም። እዚያ ደርሰው እንደሆነ አላህ ያውቃል። በእኔ ዘንድ አልተመሰከረም።»

በረንዳው ላይ ያሉት ተነፈሱ። ዓሻ የኸይራን ጉልበት ጨበጠች። ቃዲው ግን አልጨረሱም።

«ዘካሪያ፣ አንተ ደግሞ አለህ። ሰው በራሱ ላይ ሲመሰክር ሁለተኛ ምስክር አያስፈልገውም። ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። መድረሳቸውን ታውቃለህ? አውቃለሁ ካልክ ሚስትህ ፈት ናት። አላውቅም ካልክ ይዘሃት ግባ።»

ኸይራ ባሏ በዚያ ቅጽበት አንዲት ቃል ቢናገር ቤቷ እንደምትመለስ ታውቃለች። ቃሉ ቀላል ነው፤ ሰነፍ ተማሪ በቀን ዐሥር ጊዜ ይለዋል። ዘካሪያ ግን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ደግሞ ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ኩንታሉ፣ ስለ ጥቁሩ ሰማይ ከእሱ የሰሙ፣ አምነው ለልጆቻቸው የነገሩ። ጀርባው ተንቀሳቀሰ። አንገቱን አቀና።

«ሳይንስ እንደሚለው...» ብሎ ጀመረ።

«ሳይንስን አልጠየቅኩም» አሉ ቃዲው። «ሳይንስ ሚስት የለውም።»

የሳቀ የለም። ከወደቡ የአንድ መርከብ ጡሩምባ ተሰማ፣ ደግሞ ጠፋ። ደስታው ወደ ሽንኩርቱ አየ። ኸይራ የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ያዘች። ልጩህበት ይሆን ብላ አሰበች፤ ብትጮህ ግን የሚናገረው እሷ ያስባለችውን ይሆናል፣ ቃዲው ደግሞ እንዲህ ያለውን አይቀበሉም። የባሏ ትከሻ በጥቂት በጥቂቱ ሲወርድ አየች፤ የሚወርድ ዕቃ ከባድ ሲሆን ወዛደሮቹ ገመዱን እንደሚለቁት ነበር።

«አላውቅም» አለ።

«ጎላ አድርገው።»

«አላውቅም፣ ሸይኽ። ደርሰው እንደሆነ አላውቅም።»

«ያወቅህ ዕለት ና» አሉ ቃዲው። ከእንግዲህ በሚስቱ ቢምል ሚስቱን ሳይሆን እሱን ራሱን ከከተማ እንደሚያስወጡት ነገሩትና ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። ሽንኩርቱን ዓሻ አስገባችው።

ዘካሪያ ከፊት፣ ኸይራ ከኋላ ሆነው ሲሄዱ ወሬው ቀድሟቸው ሻይ ቤት ደርሶ ነበር። የማጣሪያው ሰዎችም የወደቡ ሰዎችም፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ በአንድ ድምፅ ጠየቁት።

«ዘካሪያ፣ ደረሱ ወይ?»

«ወሬ ነው» አለ ዘካሪያ፣ ሳይቆም።

«ነፋስ የለም ያልከንስ?»

«ማን ሄዶ አይቶ።»

መግሪብ ተሰግዶ ቤት ሲገቡ ጨረቃ ግማሽ ሆና ከኒሟ በላይ ነበረች። የሐረገወይን ባል ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ለቆታል። ሰዎቹ ገና እዚያው ናቸው ይላል። ድንጋይና አፈር ለቅመው ሣጥን ውስጥ ከተዋል፣ ዐርፈዋል፣ ሊመለሱ ይዘጋጃሉ። ዘካሪያ ዶሮዎቹን ማስገባት ጀመረ። የገቡትን ዶሮዎች እንደገና አስወጥቶ እንደገና ሲያስገባ ኸይራ አየችው፤ ጆሮው ግንቡ ላይ ነበር። አልጋውን መልሶ ከአልጋዋ አጠገብ አደረገና ጋደም አለ። እሷም ጋደም አለች። ንዴቷ ገና አልወጣላትም፤ ግን ቀኑ ረጅም ነበርና መተኛት ፈለገች።

«ዘካሪያ» አለችው ቀስ ብላ። «ድንጋይ ምን ያደርግላቸዋል?»

ዘካሪያ ዞረ። ፊቱ በራ። ሊያስረዳ ሲል እንደሚያደርገው ቀኝ እጁን ከአልጋው ላይ አነሣ፤ መልሱ እስከ ጥርሱ ሲደርስ ኸይራ በዓይኗ አየችው። ከዚያ ግንቡን አየ። በሩን አየ። እሷን አየ። እጁን መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ ምን አውቄ» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ኸይራ በጀርባዋ ተኝታ ወደ ላይ አየች። ጠዋት ያ የሚያንቋርር ድምፅ ሲናገር ሰምታ ያን ጊዜውኑ አምናዋለች፤ ያን ያህል ርቀት የሄደ ሰው ለውሸት ብሎ ይደክማል ብላ አላሰበችም። መድረሳቸውን ታውቅ ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ ብትጠየቅ ምን ትል እንደነበር አላሰበችበትም፤ አልተጠየቀችም። የጎረቤቱ ሬዲዮ ስለ ድንጋዮቹ ደግሞ አነሣ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ዜና አለፈ። ባሏ አልተኛም፤ አተነፋፈሱን ታውቀዋለች። እንቅልፍ እስኪወስዳት ጠበቀች። ድንጋዩን ለምን እንደለቀሙት የሚነግራት አልነበረም፤ እንቅልፉም አልመጣም።